ጀርባውን ለጨፋ የሰጠው ሠዓሊ

ሠዓሊ ሣህሌ የሞተው በጥር ወር፣ በዕለተ ሮብ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሮቢት ያለው ወሬኛ ሁሉ «ሙታን በሌሊት መጥተው ገደሉት» እያለ ስለሚያወራ ነው። ሙታን ሌላ ሥራ የሌላቸው ይመስል! ሣህሌን የገደለው ሰው ነው። በማግሥቱም ቁርሱን በልቷል።

ቤቱ የእኔ ነው። ከጓሮዬ ጫፍ፣ የጨፋ ሸለቆ ቁልቁል ከሚታይበት ጉብታ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ቤት ለእሱና ለሚስቱ ለአመልማል ያከራየሁት እኔ አማከለች ነኝ። የዚያን ቀን ከአመልማል ጋር ጨፋ ሮቢት ገበያ ውለን አሥር ሰዓት ላይ ተመለስን። በሩ ተበርግዷል። ሣህሌ ከማተሚያው መኪና ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ ደሙ የብረቱን እግር ተከትሎ ረግቷል። መኪናውን የሚያዞርለት ጎረቤታችን አደም የሟቹን ራስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እጁ በደም ርሷል። ከአጠገቡ አንድ ጥቁር የመዳብ ሰሌዳ ታጥቦ፣ ውሃው ከሥሩ ገና ሳይደርቅ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

አመልማል ጮኸች። እኔ አልጮህኩም፤ ጠየቅሁ።

«አንተ! ምን አድርገህ ነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመጣ ሞቶ አገኘሁት፣ እመት። ወላሂ ሞቶ ነው ያገኘሁት። መዳቡን አሲድ ውስጥ ሲያጨስ አየሁና... በእጄ አውጥቼ አጠብኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ።»

ለከሚሴው ፖሊስ አስር አለቃ ይህ በቃው። ጌታው ሞቶ ሳለ አስቀድሞ መዳብ የሚያጥብ ምን ዓይነት ሰው ነው? አደምን የኋሊት አሰረውና አርብ ጠዋት በሚያልፈው የጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊልከው ወሰነ። የአደም ሚስት ኡሚ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ደጄ ላይ ወደቀች።

«እመት፣ ደሴ ከወጣ አይመለስልኝም። ይሰቅሉታል።»

«ተነሽ ከመሬት። ለቅሶ ገመድ አይፈታም» አልኳት።

ክፉ ሴት አይደለሁም፤ ግን እኔም አደምን ጠርጥሬው ነበር። የድንጋዮቹ ነገር አለና።

ከጉብታው ሥር፣ ከትልቁ ሾላ አጠገብ፣ የእነ አደም የጥንት መቃብር አለ። ዘጠኝ የቆሙ ድንጋዮች ነበሩበት፤ የዓረብ ጽሕፈት የተፈለፈለባቸው፣ እንደ ሽማግሌ ጢም የድንጋይ ሽበት ያበቀሉ። ሣህሌ ከመጣ ጀምሮ ሥራው ያንን ቁልቁለት፣ ሾላውን፣ ከበስተኋላው ያለውን ደንገልና የቦርከና ወንዝን ውሃ መዳብ ላይ በመርፌ እየጫረ በወረቀት ማተም ነበር። በኅዳር አንደኛው ድንጋይ ጠፋ። ቀጥሎ ሁለተኛው። የነበሩበት ቦታ እንደተነቀለ ጥርስ ጉድጓዱ ብቻ ይቀራል። ከብት የሚያግድ ሰው ቁልቁለቱን ሸሸ። ነፋሱ በጉድጓዶቹ ላይ ሲያልፍ ያፏጫል፤ እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ፣ ሰምቼም ነጠላዬን ተከናንቤ ገብቻለሁ።

«ወደ መዳቡ እየገቡ ነው» ተባለ። እንዴት አይባል? ሥዕሎቹ ላይ ድንጋዮቹ አሉ፤ መሬቱ ላይ የሉም።

የሣህሌ አቀማመጥ ደግሞ ለወሬ የተመቸ ነበር። ሲጭር ጀርባውን ለሸለቆው ሰጥቶ ነው። ከፊቱ ባለው ግንድ ላይ መስታወት ሰቅሎ በእሱ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውላል። ገሚሱ «የማናየውን ያያል» አለ። ነጋዴው በላይ ግን ይስቅበት ነበር፤ «የራሱን መልክ ሲያደንቅ የሚውል ወንድ ዛሬ አየሁ!» እያለ።

ሣህሌ ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት የአደም አያት ድንጋይ ጠፋ። አደም በሰው ፊት የሠዓሊውን ኮት ጨምድዶ ያዘ።

«ጋሼ ሣህሌ፣ አያቴን ከመዳብህ አውጣልኝ!»

ሣህሌ አልተቆጣም። «እኔ አላስገባሁትም፣ አደም» አለው። «ማን እንዳወጣው ግን አገኛለሁ።»

ይህን ሁሉ ሰው ሰምቷል። አስር አለቃውም ሰምቷል።

*

ነገሩን እንዲመረምር የተላከው ሻምበል ምንዳዬ ሐሙስ ማለዳ ከደሴ ደረሰ። ከሲታ ነው፤ ድምፁ የታመመ ሰው የሚያስታምም ይመስላል። ከቆርቆሮው ቤት ደጅ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ።

«ምነው፣ መስጊድ መሰለህ?» አልኩት።

«አቧራ እንዳልጨምርበት ነው፣ እመት። ያለው ይበቃኛል።»

ካልሲው ንጹሕ ነበር። ያኔ አመንኩት።

ወለሉን እንደ እህል ለቃሚ እየቃኘ ዞረ። የአሲዱን ገበታ አየ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ከገበታው በላይ በሚስማር የተንጠለጠለ ገመድና አንድ ነጭ የሳቢሳ ላባ አለ። ሁለቱንም ነካ አደረገ፤ አቧራ ለብሰዋል። ከዚያ አደምን አስመጣና እጁን አስፈታው። አስር አለቃው አጉረመረመ።

«በታሰረ እጅ ሥራ አይገለጽም» አለው ሻምበሉ። ወደ አደም ዞረ። «ይህን ሥራ እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ።»

አደም እንባውን በክንዱ ጠረገ። «መዳቡ ሰም ይቀባል። ጋሼ በጧፍ ጭስ ያጠቁረዋል። ከዚያ ሰሙን በመርፌ ይጭራል፤ የተጫረው ቦታ መዳቡ ቀይ ሆኖ ይታያል። አሲድ ውስጥ ስናስገባው...»

«አሲዱ መዳቡን ምን ያደርገዋል?»

«የተጫረውን ብቻ ይበላል። ሰም ያለበትን አይነካም። የተበላው ቦይ ውስጥ ቀለም ይገባል፣ ያ ነው ወረቀት ላይ የሚወጣው። ብዙ የተበላ በጣም ይጠቁራል፣ ትንሽ የተበላ ይፈዛል።»

«ሁሉም እኩል አይበላም?»

«እንዴት እኩል ይሆናል ጌታዬ! ሩቁ ተራራ መፍዘዝ አለበት። በሁለት ዙር የመስበሃ መቁጠሪያ ተራራውን እናወጣዋለን፣ በቫርኒሽ እንሸፍነዋለን። ደንገሉን በአሥር ዙር። ሾላው ቅርብ ነው፤ ሠላሳ ዙር ይፈልጋል። ቆጣሪው እኔ ነኝ። እሱ የእጅ ሰዓት አይወድም ነበር፤ የአንተ ዚክር አይሳሳትም ይለኝ ነበር።»

«ገመዱስ?»

«መዳቡን የምናወርድበት ነው። እጅ አይገባም። ላባው አረፋውን መጥረጊያ ነው።»

«መስታወቱስ?»

«መዳብ ላይ ቀኝ የሆነው ወረቀት ላይ ግራ ይሆናል። ስለዚህ አገሩን በመስታወት ገልብጦ ያየዋል፤ ሲታተም ይቃናል።»

ሻምበሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ከሣህሌ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። መስታወቱ ውስጥ ሸለቆው ተገልብጦ ተኝቷል፤ ሾላው፣ ጉድጓዶቹ፣ የቀሩት ሦስት ድንጋዮች፣ አንዱ ተጋድሞ። አንድም ነፍስ አይላወስም። ከኋላው ቆሜ ሳየው የሞተ ሰው የመጨረሻ እይታ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

«መጨረሻ የሠራው ያ የታጠበው ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አዎ። ሰሙ ገና አልተነሳም። ምን እንዳለበት አላየሁም» አለ አደም።

«ለምን አጠብከው? ሰው ሞቶ እያየህ?»

አደም ራሱን ደፋ። «እጄ ነው ያጠበው። መዳብ ከሰዓቱ በላይ ከቆየ ይበላሻል። ጋሼ ይቆጣኛል ብዬ... ሞቷል እኮ። ይቆጣኛል ብዬ።»

አስር አለቃው እንኳ ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

ሻምበሉ አንድ ቁራጭ መዳብ ሰም አስቀብቶ፣ አስጭሮ፣ እዚያው አሲድ ውስጥ አስገባው። እሱ በእጅ ሰዓቱ፣ አደም በመስበሃው ጠበቁ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠና ዙር። ሁለቱ ቆጠራዎች አንድም ደቂቃ አልተዛነፉም። ሲያወጡት ሻምበሉ የቁራጩን ቦይና የሟቹን ሰሌዳ ቦይ በጥፍሩ እየፈተሸ አስተያየ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ስኳር አወጣና እንደ ሕፃን በላ።

በመሃሉ ሌሎቹን ያነጋግር ነበር። መጀመሪያ አመልማልን።

«ከባልሽ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ። «ስትጮሂ እኮ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።»

አመልማል አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። «ጮኼአለሁ። አዲስ አበባ እንመለስ እለው ነበር። ይህ አገር ያስፈራኛል። ማክሰኞ ማታ ሥዕሎቹን ሁሉ ወለሉ ላይ ደርድሮ ሲቆጥር አመሸ። ምን ትቆጥራለህ ስለው፣ ቀኖቹን አለኝ። በቃ ያበደ መሰለኝ።»

«መዳቡን ማን ነበር ሰም የሚቀባው?»

«እኔ። ሌላ ማን አለው?»

ሻምበሉ ሥዕሎቹን አምጥቶ እንደ ሟቹ ደረደራቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ቀኑ በእርሳስ ተጽፏል። በመጀመሪያው ዘጠኝ ድንጋይ፤ በሚቀጥለው ስምንት፤ ከዚያ ሰባት። ሰው የሚባል የለም፣ ወፍ እንኳ የለም። ባዶ አገር፣ ከሥዕል ሥዕል እየባሰ ባዶ የሚሆን። ድንጋዮቹ ወደ መዳብ ገቡ የሚለው ወሬ ያኔ ነው ከልቤ የወጣው፤ ከመዳቡም እየጠፉ ነበርና። ሰው አንዷን ሥዕል አይቶ ነው ያወራው፤ ደርድሮ ያየ የለም።

«ኡሚ፣ ድንጋይ መጥፋቱን የምታውቁት መቼ መቼ ነው?» አላት ሻምበሉ።

«ሐሙስ ጠዋት ነው፣ አባባ። ሁልጊዜ ሐሙስ። ለዚህ እኮ ነው፣ በሐሙስ ዋዜማ ሌሊት ይሄዳሉ የምንለው።»

«ሮብ በቀን ያያቸውስ አለ?»

ኡሚ ግራ ገባት። «ሮብ? ሮብ ማን ቤቱ አለ? አገሩ ሁሉ ገበያ ነው።»

አባታቸው እዚያው ሾላው ሥር ያረፉ፣ የመቃብሩ ጠባቂ ሼህ እንድሪስ በዘንግ እየተመሩ መጡ። ዓይናቸው በሞራ ነጭ ሆኗል። ሣህሌ መጀመሪያ ሲመጣ፣ «ዛፍ ሣል፣ ውሃ ሣል፤ ነፍስ ያለው ነገር ግን በሙታናችን ላይ አትሣልብን» ብለው አስምለውት ነበር። መሐላውንም ጠብቋል። ድንጋዮቹ ሲጠፉ ግን፣ «የሙታንን ጥላ የሰረቀ ጥላው ይሰረቅ» ብለው ረግመዋል።

«ረግመውታል፣ ሼህ?»

«ረግሜአለሁ። ቆሜ የምክድ ሰው አይደለሁም።»

«ሮብ እኩለ ቀን የት ነበሩ?»

«መስጊድ። ለዙህር ሶላት እጄን ይዞ ያደረሰኝ አደም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከጎኔ አልተለየም።»

ሻምበሉ ብድግ አለ። «ይህን ለአስር አለቃው ለምን አልነገሩትም?»

«ነግሬዋለሁ። ሠዓሊው የሞተው አደም ሲገባ በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከዚያ በፊት የት እንደነበረ ምን ያደርግልኛል አለኝ። ደግሞስ ዕውር ምን ያይና ይመሰክራል አለኝ።»

አስር አለቃው ሳል ያዘው። ይያዘው!

ወደ ማታ ግድም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ነጋዴው በላይ ዘንድ ሄድን። መንገድ ዳር አዲስ መጋዘን እያሠራ ነው፤ መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው ወገብ ደርሷል። በከሚሴ ያንን የመሰለ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። የሣህሌን ማተሚያ መኪናና አሲዱን በጭነት መኪናው ያመጣለት እሱ ነው። ከጉብታው ሥር ያለውን መሬትም ለጥጥ እርሻ አመልክቷል፤ ቀያሾች በየካቲት ይመጣሉ ይባል ነበር።

«አቤት፣ ምን ዓይነት ሰው አጣን!» አለ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ። «እኔ ጠዋት ነው ጨፋ ሮቢት የወረድኩት። እመት አማከለችን እንኳ ሰላም ብያታለሁ፤ አይደል እመት?»

«ብለኸኛል» አልኩ። «ስምንት ሰዓት ላይ። ላብ አጥምቆህ።»

«የገበያ ግፊያ ነዋ!»

«አሲዱ አደገኛ ነው ይላሉ» አለ ሻምበሉ፣ የመሠረቱን ድንጋይ እየዳበሰ።

«ኧረ ዝም ይበሉ! ብረት እንደ ስኳር ያሟሟል ብሎኛል የሸጠልኝ ሰው። መዳብማ ከገባበት ምንም አይተርፈው።»

«ጣትዎ ቢጫ ሆኗል።»

በላይ እጁን አየ። «የሲጋራ ነው። ሱስ ክፉ ነው፣ ሻምበል።»

ሻምበሉ ፈገግ አለና ደህና እደሩ ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ፣ «እመት፣ የወንዝ ድንጋይ ሽበት ያበቅላል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ውሃ ቀን ከሌት የሚያጥበው ድንጋይ ምን ሽበት አለው? ሽበት የሚያበቅል ቆሞ የኖረ ነው።»

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር» አለ።

*

አርብ ጠዋት የጭነት መኪናው አደባባይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ሻምበሉ ግን ሁላችንንም ከሣህሌ ማተሚያ ዙሪያ ሰበሰበን። አመልማል፣ ኡሚ፣ ሼህ እንድሪስ፣ በላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አስር አለቃው በር ላይ።

«አደም፣ አትምልኝ» አለ።

አደም ሰሙን በላምባ አጠበ። ቀለሙን አሸ፣ በጨርቅ ጠረገ። ከተነከረው ወረቀት አንዱን በላዩ አነጠፈ፣ በወረቀቱ ላይ ባና ደረበ። ከዚያ መንኮራኩሩን ያዘ። ብረቱ አቃሰተ። ያ ድምፅ ሣህሌ በሕይወት ሳለ በየቀኑ የምሰማው ነው፤ ያን ጠዋት ግን ሟቹ ከመሬት ሥር የሚያዞረው መሰለኝ። አመልማል ጆሮዋን ያዘች።

«እሱ እስኪጨርስ እኔ ልናገር» አለ ሻምበሉ። «ይህ መዳብ አሲድ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆይቷል። ትናንት በሰዓትም በመስበሃም የለካነው ቁራጭ ቦዩ ከዚህ ጋር እኩል ነው። አደም ያወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ የገባው በስድስት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት አደም የሼህ እንድሪስን እጅ ይዞ መስጊድ ነበር።»

ኡሚ፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ መሬት ተቀመጠች።

«ግን ገዳዩ አደም ባይሆንም እንኳ፣ መዳቡን አሲድ ውስጥ ያስገባው ራሱ ሣህሌ ቢሆንስ?» አለ አስር አለቃው። እልኸኛ ነው።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። አደም፣ አንሳው።»

አደም ወረቀቱን ከጥግ ይዞ ቀስ ብሎ ላጠው። «ያ ረቢ!»

ሁሉም ነገር ጥቁር ነበር። ሩቁ ተራራ እንደ ሾላው ጠቁሯል፤ ሰማዩ ላይ ያለችው ጭረት እንደ ቁስል ተቆርጣለች። ሌሊት በቀን የወደቀበት አገር ይመስላል። በዚያ ጨለማ መሃል፣ ሾላው ሥር፣ ሰው አለ። ሰው ሥሎ በማያውቀው ሠዓሊ እጅ የተጫረ፣ ጎንበስ ብሎ በዲጂኖ የመቃብር ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው። ሰፊ ባርኔጣ አድርጓል።

በላይ ባርኔጣውን ወደ ጀርባው ሸሸገ።

«ተራራው ጠቁሯል፤ በሁለት ዙር አልወጣም፣ ቫርኒሽ አልተቀባም» አለ ሻምበሉ። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሣህሌ አይደለም፣ አደም አይደለም፣ ሰሙን የምትቀባው አመልማልም አይደለችም፤ እሷ ደግሞ ገበያ ነበረች። ገመዱና ላባው አቧራ ለብሰው ነው ያገኘኋቸው፤ መዳቡ የገባው በእጅ ነው። ያስገባው ሰው ሥዕሉን ሊያጠፋው ነው የፈለገው። አሲድ ሁሉን እንደ ስኳር ያሟሟል ብሎ የሚያምን ሰው። አሲዱ ግን ሰሙን አልነካም። የተጫረውን ብቻ አጥልቆ በላው። ሊያጠፋው ብሎ ለዘላለም ቀረጸው።»

«ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለ በላይ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። «ሽማግሌው አሉ፤ እሳቸውም ስለ አሲድ አያውቁም። ረግመውታል ደግሞ!»

«ሼህ እንድሪስ አያዩም። የማያየው ሰው ያላየውን ሥዕል ለማጥፋት አይገድልም። አቶ በላይ፣ ሲጋራ የሚያዘው በሁለት ጣት መሃል ነው። የአንተ ቢጫ ግን አውራ ጣትህና መዳፍህ ላይ ነው፤ ሰሌዳ ይዘህ አሲድ ውስጥ ስትከት የነካህ። አደም፣ እጅህን አሳየው።»

አደም አሳየ። ያው ቢጫ፣ መዳቡን በእጁ ካወጣበት ሮብ የቀረ።

«ድንጋዮቹ የሚጠፉት በሐሙስ ዋዜማ ሌሊት አይደለም» ሲል ቀጠለ ሻምበሉ። «አገሩ ሁሉ ገበያ በሚውልበት ሮብ፣ በቀን ነው። ሙታን ገበያ አይጠብቁም። ድንጋይ ከሌለ መቃብር የለም፤ መቃብር ከሌለ፣ እዚህ አባቶቻችን ተቀብረዋል የሚል የለም፤ ቀያሾቹ ሲመጡ መሬቱ ባዶ ነው። ስድስቱ ድንጋዮች የት እንዳሉም አውቃለሁ። የመጋዘንህ መሠረት የቦርከና ድብልብል ድንጋይ ነው። ከመሃሉ ስድስት ረጃጅሞች አሉ፣ ሽበት ያለባቸው። ጽሕፈቱን ወደ ውስጥ አዙረህ ሽበቱን መፋቅ ረሳህ። አስር አለቃ፣ ዶማ ይዘህ ሂድ።»

አስር አለቃው ሮጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ሲሮጥ አየሁት።

በላይ ሥዕሉን እያየ ቀረ። ከንፈሩ ነጣ። ከዚያ እንደ ሕፃን እልህ ይዞት ጮኸ፦

«ጀርባውን ሰጥቶ ነበር! ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው! በምን ዓይኑ አየኝ?»

ሻምበሉ በክንዱ ይዞ ወደ ውጭ አወጣውና በርጩማው ላይ አስቀመጠው። መስታወቱ ውስጥ የራሱን የነጣ ፊት አየ፤ ከፊቱ ጎን ሾላውን፣ ጉድጓዶቹን፣ ቁልቁለቱን ሁሉ። ያኔ ገባው። ድንጋዩን ፈንቅሎ ሳይጭን እንደ ልማዱ ውሃ ሊጠጣ ወደ ጉብታው ሲወጣ፣ ሣህሌ መዳቡን ይዞ ማተሚያው አጠገብ እንደጠበቀው፣ «ለቀያሾቹ የምሰጠው ይህን ነው» እንዳለው፣ ሊነጥቀው ሲገፋው ራሱ ብረቱን እንደመታው፣ ሁሉን እዚያው ተናገረ። መስታወቱን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የተናገረው።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ገድለኸው መጥተህ ነው፣ እመት እንደምን ዋልሽ ያልከኝ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ኡሚ ዞርኩ።

የጭነት መኪናው በላይን ይዞ ወጣ። አደም ከኡሚ ጋር ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ስድስቱ ድንጋዮች ከመሠረቱ ወጡ። የትኛው የት እንደነበረ የሚያውቅ ግን ጠፋ፤ ይህ ይላል ወዲህ፣ ያ ይላል ወዲያ። አመልማል የሣህሌን ሥዕሎች አመጣች። ባዶ አገር እየተባለ የሚፈራው ያ ወረቀት አሁን በየእጁ ሆነ፤ ድንጋዮቹም እሱን እየተከተሉ ጉድጓዳቸው ገቡ። በላይ በዚያ ሮብ ፈንቅሎ ሳይወስደው የቀረው ድንጋይ እዚያው ተጋድሞ ነበር፤ ያም ቆመ።

«የመጨረሻው መዳብ ይቅለጥ» አለች ኡሚ። «ያስፈራል። ሰው አለበት።»

ሁሉም ወደ ሼህ እንድሪስ ዞረ። ነፍስ ያለው አትሣል ያሉት እሳቸው ናቸውና። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። አደም ሰሌዳውን ሰጣቸው። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በአመልካች ጣታቸው ቀስ ብለው ሄዱበት። ቦዩ ጥልቅ ነው፤ ዕውር ጣት ሳይስት ይከተለዋል።

«ይህ ሾላው ነው» አሉ። «ግራ ሆነብኝ እንጂ ሾላው ነው። ይህ ውሃው... ይህ ደግሞ...»

ጣታቸው ቆመ። ዲጂኖው ጫፍ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላዩት ቦታ።

«አባዬ» አሉ።

ከዚያ ጣታቸው ወደ ባርኔጣው ሰው ተሻገረ። እጃቸውን እንደ ተነደፈ ሰው ሰበሰቡ። መዳቡን በኩታቸው ጠቀለሉት።

«አይቀልጥም» አሉ። «መሐላውን ያፈረሰው ለእኛ ነው። እርግማኔንም ዛሬ አንሥቻለሁ፤ የት ሄጄ እንደምነግረው ብቻ ጠፋኝ።»